ስለ መስኮት መስተዋት አገጣጠም፤ ክረምት ብርሃንና አየር እንዳይነሣን

የክረምት ዝናብ ለሀገራችን በረከት መሆኑን የማያውቅ የለም። እርሻው የሚለማው፥ ምንጩ የሚጐለብተው፥ ከብቱ የሚጠግበው በእርሱ ነው። ነገር ግን በደጋ ከተሞች ለሚኖር ሰው ክረምት የሳልና የጉንፋን፥ የእርጥብ ግድግዳና የሻጋታ ወራትም ነው። አዲስ አበባን ለምሳሌ ብንወስድ፥ በዓመት ከሚዘንበው ከ1,000 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ሰው ከደጅ ወደ ቤት፥ ከቤትም ወደ ምድጃ ይሰበሰባል፤ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። በበጋ ለመኝታ ብቻ ያገለግል የነበረው ክፍል በክረምት የመላው ቤተ ሰብ መዋያም ማደሪያም ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የመስኮትን መስተዋት ነገር ነው። ጉዳዩ የአናጢ እንጂ የጤና ባለሙያ የማይመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም በሥራችን ምክንያት ወደ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ትምህርት ቤቶች ስንገባ ሁለት ነገር ደጋግመን እናያለን። መስተዋቱ በደንብ ባልተገጠመበት ቤት ዝናቡ ገብቶ ግድግዳውን ያበሰብሳል። በደንብ በተገጠመበት ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ጨርሶ እንዳይከፈት ሆኖ ይመታና ቤተ ሰቡ የራሱን ትንፋሽና ጢስ መልሶ ይተነፍሳል። ስለዚህ መስተዋት መግጠም ሁለት ዕውቀት ይጠይቃል። አንደኛው ዝናቡን ማስቀረት፥ ሁለተኛው አየሩን አለማስቀረት ነው።

መስኮት ሁለት ሥራ አለው

የመስኮት ሥራ ብርሃንና አየር ማስገባት ነው። አባቶቻችን ይህን ያወቁት መስተዋት ሳይኖራቸው ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ በ12ኛው መቶ ዓመት የታነጸውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፥ መስኮቶቹ እንደ ወንፊት ተፈልፍለው ብርሃንም ነፋስም በልክ እንዲያስገቡ መደረጋቸውን ይመለከታል። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በመስቀልና በልዩ ልዩ ቅርጽ የተፈለፈሉ መስኮቶች ይገኛሉ። በተራው ሰው ቤት ግን መስኮት ቢኖር የሳንቃ መዝጊያ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ነበር። ሳንቃው ሲከፈት ብርሃኑም አየሩም ዝናቡም አብረው ይገባሉ፤ ሲዘጋ ሁሉም አብረው በውጭ ይቀራሉ።

መስተዋት ይህን አንድነት ለያየው። አሸዋ፥ ሶዳና የኖራ ድንጋይ በ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ቀልጠው የሚሠሩት መስተዋት ዝናቡን ከልክሎ ብርሃኑን ያሳልፋል። ከ1959 ወዲህ (ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም እንዲሁ ናቸው) ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የቀለጠውን መስተዋት በቀለጠ የቆርቆሮ ማዕድን ላይ አንሳፎ የማውጣትን ዘዴ ስለ ገለጸ፥ ዝርግና ጥርት ያለ መስተዋት በየሀገሩ ተስፋፋ። በዚህም ልጅ በዝናብ ቀን ተቀምጦ ማንበብ ቻለ፤ የቤት እመቤትም በማእዘን የተከማቸውን አቧራና ሻጋታ ማየት ቻለች።

ነገር ግን መስተዋት አንድ ማታለያ አለው። ዐይናችን ብርሃኑን ሲያይ ቤቱ የተናፈሰ ይመስለናል። ብርሃን ገባ ማለት ግን አየር ገባ ማለት አይደለም። አንባቢው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚቀር ቢሆን ይህን እንዲይዝ እንመኛለን።

መስተዋት ለሌለው ቤት

መስተዋት ለመግዛት ያልቻለ ሰው በጨለማ መቀመጥ የለበትም። በአውሮፓ መስተዋት ውድ በነበረበት ዘመን ብዙ ሰዎች በዘይት የተነከረ ሸማ ወይም ወረቀት በመስኮታቸው ይወጥሩ ነበር። በጃፓን ቀጭን ወረቀት፥ በፊሊፒን ደሴቶች ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ዛጎል ለዚሁ ሥራ ውሏል። በእኛም ዘንድ ንጹሕ ቀጭን አቡጀዲ በቀለጠ ሰም ወይም በተልባ ዘይት ተነክሮ በእንጨት ላይ ቢወጠር ካፊያውን ይመልሳል፤ ደብዘዝ ያለ ብርሃንም ያሳልፋል። ዛሬ በየገበያው የሚገኘው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ከዚህ የቀለለ ነው። ሁለቱም ግን እሳት ፈጥኖ ስለሚይዛቸው ከምድጃና ከሻማ መራቅ አለባቸው። ፕላስቲኩ ፀሐይ እየመታው በጊዜ ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጣጠቅ የጊዜያዊ እንጂ የዘላቂ መፍትሔ አይደለም። የሚወጠርበትም እንጨት በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን እንጂ በግድግዳው ላይ አይመታ።

በተልባ ዘይት ስቱኮ ስለ መግጠም

የእንጨት መስኮት ላለው ሰው ከሁሉ የተፈተነው ማያያዣ ከተልባ ዘይትና ከጠመኔ ዱቄት የሚለወሰው ስቱኮ ነው። የተልባ ዘይት የሚጠነክረው እንደ ጭቃ ውሃው ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጂን እየወሰደ ነው። ስለዚህ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከጠነከረም በኋላ ውሃ አያሟሟውም። መምህራን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን፤ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ከጀሶ የሚሠራ ስለ ሆነ ፈጭቶ ለዚህ ሥራ ማዋል አይገባም።

ሥራው በሚያዝያና በግንቦት፥ ዝናቡ ሳይበረታ ቢፈጸም መልካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

1ኛ. አሮጌው ስቱኮና የላላው ቀለም ተጠርጎ ይወገዳል። የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ በውሃ እያራሱ ይፋቅ። ፍርፋሪው ተለቅሞ ይጣል፤ ሕፃናትም በአጠገቡ አይጫወቱ።

2ኛ. መስተዋቱ የሚቀመጥበት የእንጨት ጠርዝ ከደረቀ በኋላ በተልባ ዘይት ወይም በመነሻ ቀለም ይቀባል። ጥሬ እንጨት የስቱኮውን ዘይት መጥጦ ስለሚወስድ ያልተቀባ ጠርዝ ላይ የተለሰነ ስቱኮ ፈጥኖ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ዝናብ ይገባል።

3ኛ. መስተዋቱ ከመቀመጫው በየጐኑ 2 ሚሊሜትር ያህል አንሶ ይቈረጣል። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፥ በበጋ ይሸማቀቃል፥ አንዳንዴም ይጣመማል፤ መላወሻ የሌለው መስተዋት ግን ይሰበራል።

4ኛ. በመቀመጫው ላይ በመጀመሪያ ስስ ስቱኮ ይነጠፋል፤ መስተዋቱም በዚያ ላይ ጠርዝ ጠርዙን እየተጫነ ይቀመጣል። መካከሉን መጫን መስተዋቱን ይሰብራል፥ እጅንም ያቈስላል። ከዚያም መስተዋቱ በትናንሽ ሚስማሮች ይያዛል። መስተዋቱን የሚሸከመው ሚስማሩ ነው፤ ስቱኮው ውሃ ከልካይ ብቻ ነው።

5ኛ. የውጭው ስቱኮ በቢላዋ ተዳፋት ሆኖ ይለሰናል፤ ውሃው እንዲንሸራተት እንጂ እንዲተኛበት አይደረግም። ላዩ ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፥ በእርጥብ ወራት ደግሞ ከዚያ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ በመስተዋቱ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል አልፎ እንዲይዝ ይደረግ፤ በመስተዋቱና በስቱኮው መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ የሚዘጋት ይህ ነው።

6ኛ. የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምቆ በአንድ ላይ አይከመር። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ወይ ተዘርግቶ ይሰጣ፥ ወይ በውሃ ተነክሮ ይወገድ።

በዝናብ መካከል ግድ ቢሆን

በሐምሌ በረዶ ወይም የልጅ ኳስ መስተዋት ቢሰብር እስከ መስቀል መጠበቅ አይቻልም። ስቱኮ በረጠበ እንጨት ላይ አይጣበቅም፤ ስለዚህ መዝጊያው ከማጠፊያው ተፈትቶ ወደ ቤት ይግባ። ሞቅ ባለ ክፍል፥ ከእሳት ግን ራቅ ብሎ፥ ለጥቂት ቀናት ይድረቅና በጠረጴዛ ላይ ይሠራ። እስከዚያው በቀዳዳው ፕላስቲክ ይወጠርበት።

ሲሊኮን የሚባለው ዘመናዊ ማያያዣ በዚህ ረገድ ልዩ ጠባይ አለው። የሚጠነክረው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለ ሆነ የክረምት አየር አያሰናክለውም። ነገር ግን አየሩ ቢረጥብ ግድ የለም ማለት መስተዋቱና እንጨቱ ቢረጥቡ ግድ የለም ማለት አይደለም፤ የሚነካቸው ሁሉ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለባቸው። ብዙው ዐይነት ሲጠነክር እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ትነት ስለሚያወጣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሠራበት። በላዩም ቀለም ስለማይይዝ ቀለሙን አስቀድሞ መቀባት ይገባል።

የብረት መስኮት ያለው ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ዝገት ነው። ዝገት ሲያብጥ መስተዋቱን ገፍቶ ይሰነጥቀዋልና፥ አዲስ መስተዋት ከመግጠም በፊት ዝገቱ ተፍቆ ዝገት የሚከላከል ቀለም ይቀባ። በአሉሚኒየም መስኮት ግርጌ ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የፋብሪካ ጉድለት የመሰላቸው ሰዎች በሲሊኮን ሲደፍኗቸው አይተናል። እነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ ተመልሶ የሚወጣባቸው በሮች ናቸው፤ ከተደፈኑ ውሃው ወደ ቤት ይፈስሳል።

ለሁሉም ዐይነት መስኮት የሚያገለግል አንድ ምክር እንጨምር። የመስኮቱ ደፍ ወደ ውጭ ያዘነበለና ከግድግዳው ወጣ ያለ ይሁን፤ በሥሩም አንዲት ቀጭን ቦይ ትቈፈርበት። በደፉ ሥር እየተሳበ ወደ ግድግዳው የሚመለሰው ውሃ ከዚያች ቦይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ከመስኮት ሥር አስቀድሞ የሚፈርሰው ይህች ቦይ ስለማትኖር ነው።

በማለዳ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ውሃ

ብዙ ሰዎች በማለዳ የመስተዋቱ ውስጠኛ ገጽ ረጥቦ ሲያዩ ዝናብ የገባ መስሏቸው ተጨማሪ ስቱኮ ይለስናሉ። ምንጩን ለመለየት ቀላል ነው። ዝናብ ከገባ እርጥበቱ በአንድ ጥግ ወይም በስንጥቅ አጠገብ ይታያል። መስተዋቱ መላ ገጹን ካላበው ግን ውሃው የመጣው ከውጭ አይደለም፤ ከእኛው ነው።

አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ከትንፋሹና ከላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ወደ አየር ይወጣል። በአንድ ክፍል 5 ሰዎች ለ8 ሰዓት ቢተኙ 1 ሊትር ከግማሽ የሚበልጥ ውሃ ሆነ ማለት ነው። የፈላው ሽሮና በቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ ሲጨመርበት እጅግ ይበዛል። ይህ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስተዋት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። መስተዋቱ ያሳየናል እንጂ በግድግዳው፥ በፍራሹና በቁም ሣጥኑ ጀርባም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሻጋታውም የሚበቅለው ከዚያ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፥ እርጥበት በበዛበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፥ ለትንፋሽ እጥረትና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። መድኃኒቱ ስቱኮ አይደለም፤ መስኮቱን መክፈት ነው።

በደንብ የተዘጋ ቤትና የከሰል ምድጃ

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደው ነገር ደርሰናል። አሮጌ ቤት በየሳንቃው ስንጥቅና በየግድግዳው ቀዳዳ ጥቂትም ቢሆን ይተነፍሳል። ያንኑ ቤት በመስተዋትና በስቱኮ ደፍነን የከሰል ምድጃውን እንደ ቀድሞው ወደ መኝታ ክፍል ብናስገባ ግን ለሞት በር እንከፍታለን። ከሰል ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ካለቀ በኋላ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን አየር ማውጣቱን አይተውም። ይህ አየር መልክ የለውም፥ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ከኦክሲጂን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ስለሚጣበቅ፥ ሰውዬው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ ይታፈናል። ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማስመለስና የእንቅልፍ መክበድ ምልክቶቹ ናቸው። የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ከሰል በደጅ ይያያዝ፤ በምንም ምክንያት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይደር። ቤት ያለ ሰው ራሱን ቢያመውና ሌሎቹንም እንዲሁ ቢያማቸው፥ ምድጃው ይውጣ፥ በርና መስኮቱ ይከፈት፥ ታማሚው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የማገዶውም ጢስ ቢሆን ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በ2020 ብቻ ከምግብ ማብሰያ እሳት በሚመጣ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ብርድ ይመታናል ለሚሉ

መስኮት ክፈቱ ስንል ዘወትር የሚሰጠን መልስ ብርድ ይመታናል የሚል ነው። በአውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል። የእናቶቻችንን ጥንቃቄ አንንቅም፤ ቀጥተኛ ነፋስ በሕፃን ወይም በአራስ ላይ እንዲነፍስ ማንም አይመክርም። ነገር ግን ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚበዛው ብዙ ሰው በተዘጋ ክፍል ሲተፋፈን ነው። በጀርመን ሀገር ክረምቱ በረዶ ሆኖ ሳለ ሰዎች በየማለዳው መስኮታቸውን ለጥቂት ደቂቃ ወለል አድርገው ከፍተው ቤታቸውን ያናፍሳሉ። ግድግዳውና ዕቃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቈይ ቤቱ ወዲያው ይሞቃል፤ የወጣው የቆሸሸው አየር ነው።

ስለ ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። የበሽታውን ተውሳክ ማግኘቱን ሮበርት ኮኽ በበርሊን በ1882 ከገለጸ ወዲህ፥ ተውሳኩ ከታማሚው ሳል ጋር ወጥቶ በአየር የሚንሳፈፍ መሆኑ ታውቋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በ8 ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2007 የታተመ ምርምር፥ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ሲለዋወጥ፥ በመሣሪያ በሚናፈሱ ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ሕንፃዎችም ከአዲሶቹ በልጠው ተገኝተዋል።

ታዲያ ዝናብ ሳያስገቡ አየር ማስገባት እንዴት ይቻላል? ከትልቁ መስተዋት በላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ትሠራ፤ ማጠፊያዋ ከላይ ሆኖ በግርጌዋ ወደ ውጭ የምትገፋ ትሁን። እንዲህ ያለች መስኮት ተከፍታ ሳለች እንደ ጥላ ዝናቡን ትመልሳለች፤ ከፍታ ላይ ስለ ሆነችም ነፋሱ በተኛ ሰው ላይ አይነፍስም። በተቃራኒው ግድግዳ አንድ ሌላ መግቢያ ቢኖር አየሩ ይመላለሳል። ወባ ባለበት ቆላ ከተማ ደግሞ ከመስተዋቱ ይልቅ የሚቀድመው በመስኮቱ ላይ የሚወጠረው የሽቦ ወንፊት ነው።

እናቶች አንድ ነገር እንዲያውቁም ያስፈልጋል። ሕፃንን በመስተዋት ኋላ አስቀምጦ ፀሐይ አሞቅሁት ማለት ከንቱ ነው። መስተዋት ሙቀቱንና ብርሃኑን ቢያሳልፍም ቆዳ ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገውን የፀሐይ ጨረር ይከለክላል። አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ እንዳይዘው ሕፃኑ የማለዳ ፀሐይ ሊያገኝ የሚገባው ከመስተዋቱ ወዲያ፥ በደጅ ነው።

ለመምህራን

በአንድ ትምህርት ቤት ዝናብ አስቸግሮ የመማሪያ ክፍሎቹ መስኮቶች ሁሉ ዳግመኛ እንዳይከፈቱ ሆነው በመስተዋት ተመትተው አይተናል። ዝናቡ በእርግጥ ቀረ፤ ነገር ግን ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎቹ ያዛጋሉ፥ ራሳቸውን ያማቸዋል፥ አንዱ ሲያስል ሌላው ይከተላል። የተበላሸው ነገር መስተዋቱ አልነበረም፤ ማጠፊያ አለመኖሩ ነበር።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ብዙ የግንባታ ደንቦች የመስኮት ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል እንዲሆን፥ ከእርሱም እኩሌታው የሚከፈት እንዲሆን ይጠይቃሉ። 8 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 56 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 5.6 ካሬ ሜትር መስኮት፥ ከእርሱም 2.8 ካሬ ሜትር የሚከፈት ያስፈልገዋል። ተማሪዎቹ የክፍላቸውን መስኮት በሜትር ይለኩ፤ ወደ ቤታቸውም ሄደው የመኝታ ክፍላቸውን ይለኩ። በማግስቱም ስንት መስኮት እንዳለ ሳይሆን ስንቱ እንደሚከፈት ይጠየቁ። አንድ ልጅ ለአባቱ መኝታ ቤታችን የሚከፈት መስኮት የለውም ብሎ ቢናገር፥ ያ ቤት በሚቀጥለው ክረምት ከሰልን በደጅ አስቀርቶ መስኮቱን በማጠፊያ እንዲያስገጥም ምክንያት ሊሆን ይችላል።